የማያልቀው አንድ ብርጭቆ

በዚያ ሰሞን በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ከቦርሳ መውጣት የሌለበት ዕቃ ቢኖር ሜትር ነው። እኔ ደግሞ ሁለት መለኪያ ይዤ እዞር ነበር። አንዱ የልጆችን የራስ ዙሪያ የምለካበት የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ ሌላው የዓይናቸውን ስፋት የምለካበት ትንሽ የፕላስቲክ ማስመሪያ። በዚህ ላይ ደረቴ ላይ ባጅ፣ እጄ ላይ የወረቀት ሰሌዳ፣ አፌ ላይ ደግሞ «እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» የሚል ጥያቄ። የማስተር ፕላኑ ወሬ ከቤት ቤት በሚዞርበት፣ ሰው ሁሉ መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ በተጨነቀበት ጊዜ እንዲህ ሆኖ የሰው በር ማንኳኳት ምን ያህል ብልህነት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ሰበታ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በሩን ገርበብ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» ብዬ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ሰላም አልኳቸው። ደስ አላቸው፣ ወንበር ሊያመጡልኝም ነበር። ሜትሩን ሳወጣ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «መሬታችንን ለክታችሁ ጨረሳችሁና አሁን ደግሞ ወደ ልጆቻችን ጭንቅላት መጣችሁ?» አሉኝና በሩን ዘጉት። ትንሽ ቆይቶ በሩ እንደገና ሲከፈት ሐሳባቸውን የለወጡ መስሎኝ ነበር፤ የወጣው ግን ውሻው ነው። ሱሉልታ ላይ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ገና ሳልጠይቃት «ካርታ የለኝም፣ ባለቤቴ የለም፣ እኔም የለሁም» ብላኛለች።

እኔ መረጃ የምሰበስብለት ጥናት ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ነፍሰ ጡር ሴት የምትጠጣው አልኮል በሆዷ ያለውን ልጅ አእምሮ እንዴት እንደሚጎዳ፣ እንዲህ የተጎዱ ልጆች በምን እንደሚታወቁና እንዴት እንደሚታገዙ የሚፈትሽ ነበር። እኔ በነርስነት ተመርቄ ሥራ ያጣሁ የሃያ አራት ዓመት ሴት ልጅ ነበርኩ፤ መረጃ ሰብሳቢ ተብዬ ስቀጠር ሚኒስትር የሆንኩ ያህል ተኩራርቻለሁ። ሥልጠናው ላይ የልጁን የላይኛ ከንፈር መሳሳት፣ ከአፍንጫ ወደ ከንፈር የምትወርደውን ቦይ መጥፋት፣ የዓይኑን ማነስ ማየት ተማርን። ያሠለጠነን የጥናቱ ሐኪም ግን ደጋግሞ ያስጠነቀቀን ሌላ ነገር ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ፊታቸው ላይ ሁሉም ምልክት አይታይም፤ ያን ጊዜ እናትየዋ መጠጣቷና ምን ያህል እንደጠጣች በትክክል ካልታወቀ ምርመራው እንጥልጥል ላይ ይቀራል። ስለዚህ የመጠይቁ ትልቁ ጥያቄ «በእርግዝናሽ ጊዜ በቀን ስንት ብርጭቆ ትጠጪ ነበር?» የሚለው ነበር።

ጠላ እንጠጣ ነበር ያሉኝ እናቶች ሁሉ ማለት ይቻላል መልሳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ብርጭቆ። ሰበታም አንድ፣ ሱሉልታም አንድ፣ ቡራዩም አንድ። ተቆጣጣሪያችን ወረቀቶቹን እያገላበጠ «የሚገርም ቁጥብ ሕዝብ ነው» አለ። እኔም ነገሩን አልመረመርኩትም፤ እውነቱን ለመናገር አንድ ቁጥር ለመጻፍ ቀላል ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር።

የተከራየሁት ቡራዩ ነበር፤ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ ጠላ የሚሸጡ ሴትዮ ግቢ ውስጥ። ሰፈሩ በሙሉ «አዴ» ይላቸዋል፣ ወይዘሮ እንደማለት፤ እኔም እንደዚያው። ሃምሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ሲስቁ አጥር ማዶ ያለውንም የሚያስቁ ሴት ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቀላቅለው ሲናገሩ እኔ ግማሹን በመገመት እኖር ነበር። ልጃቸው ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሌሎቹ አድገው ከወጡ በኋላ ዘግይታ የመጣች።

ይህች ልጅ አንደኛ ክፍልን ለሦስተኛ ጊዜ ትማር ነበር። ክብሪት ግዢ ተብላ ስትላክ በደስታ ትበራለች፤ ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ምን እንደተላከች ይጠፋባታል፤ ስንሄድ ከባለሱቁ ፍየል ጋር ስታወራ እናገኛታለን። ጠዋት ያወቀችው ፊደል ከምሳ በኋላ አይታ የማታውቀው ይሆንባታል። መምህሯ «እያወቀች ነው፣ እልኸኛ ናት» ትላለች። አዴም አንዳንዴ ያምኑና ይገርፏታል፤ ገርፈው ደግሞ ከጓሮ ሄደው ያለቅሳሉ። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ ቁርጡን ነገራቸው፤ ዘንድሮም ካላለፈች ቦታዋ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። አዴም ተጂ ከተማ ለምትኖር እህታቸው ሊሰጧት ወሰኑ።

«እዚያ ውሃ ትቀዳለች፣ ዕቃ ታጥባለች» አሉኝ። «ቢያንስ ደደብ የሚላት የለም።»

ልጅቷ ነገሩ አልገባትም። እናቷ አብረዋት የሚሄዱ መስሏት ከአልጋ ሥር ቦርሳ ትፈልግ ነበር።

አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ልብስ ሳጥብ ልጅቷ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብላ የሳሙናውን አረፋ እፍ እያለች ትስቃለች። ቀና ስል የላይኛ ከንፈሯን አየሁት፤ ከሥልጠናው ፎቶግራፎች አንዱን የሚያህል ስስ ነው። ደነገጥኩ፣ ከዚያ ደግሞ በራሴ በጣም ተናደድኩ። ሦስት ከተማ ማስመሪያ ይዤ ስዞር፣ በየበሩ ውሻ ሲያባርረኝ፣ በየቀኑ «እንደምን አደርሽ» የምላትን ልጅ አንድ ቀን ደህና አድርጌ አላየኋትም ነበር።

በዚያው ሳምንት አዴንና ልጅቷን ሐኪሙ ወደሚመጣበት ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ከንፈሯ ስስ ነው፤ ቦይዋ ግን አለች፣ ዓይኗም በልኩ ነው። ሐኪሙ ወደ አዴ ዞሮ ጥያቄውን ጠየቃቸው። አዴም ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ «በቀን አንድ ብርጭቆ ፋርሶ» አሉ። ፋርሶ ማለት ጠላ ነው። ሐኪሙ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። አንድም ብርጭቆ ባይጠጣ ይመረጣል አለ፤ ነገር ግን በዚህ ልክ ብቻ ተነሥቶ ምክንያቱ ይኼ ነው ብሎ ለትምህርት ቤቱ መፈረም አይችልም። ጨምሮም በማስተር ፕላኑ የተነሣው ተቃውሞና ግርግር ስለበረታ ጥናቱ ከሦስቱም ከተሞች ሊወጣ መሆኑን ነገረን። የመጨረሻው የምርመራ ቀን የሚቀጥለው ሐሙስ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ፣ እነሱ ክሊኒክ።

ሰኞ ጠዋት መንገዱ ተዘጋ። የአምቦ መንገድ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ሚኒባሶቹ ጠፉ፣ ስልኩም ኔትወርክ አልባ ሆነ። ከሰፈራችን አንድ ወጣት ጠዋት ወጥቶ አልተመለሰም፤ እናቱ ለብዙ ቀን በራቸው ላይ ቆማ መንገዱን ታይ ነበር። ስለዚያ ቤት ቀልድ የለኝም። እኛ ግን ግቢያችንን ዘግተን ተቀመጥን፤ ሥራ የለም፣ መሄጃ የለም፣ ስለዚህ አዴ ጠላ ቤት ገብቼ ወንበር ያዝኩ። ጎረቤቶች በጓሮ አጥር እየሾለኩ ይገባሉ፣ በሹክሹክታ ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ይወጣሉ።

በአዴ ቤት ብርጭቆ ባዶ ሆኖ አይታይም። ግማሽ ሲደርስ ጆጉ ይመጣል፤ «ዱጊ፣ ኢንተላ ኮ» ይላሉ፣ ጠጪ ልጄ ማለታቸው ነው። እንግዳ ፊት ባዶ ብርጭቆ ከተቀመጠ የቤቱ ሴት ሰው መሆኗ ራሱ ያጠራጥራል ብለው ያምናሉ። እሳቸውም የራሳቸው ብርጭቆ አላቸው፤ ለእኛ ሲጨምሩ ለራሳቸውም ጠብ ያደርጋሉ፣ እንግዳ ብቻውን አይጠጣማ። ደግሞ አዲስ ጆግ በተቀዳ ቁጥር ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ፊታችን ይቀምሳሉ። ይኼን ሁሉ ለወራት አይቼዋለሁ። ማየትና ማስተዋል ለየቅል መሆናቸውን ያወቅኩት ያን ሰኞ፣ ወደ ክፍሌ ልሄድ ስነሣ ነው። አጥሩ ወደ እኔ መጣ።

ቆርቆሮውን ተደግፌ ራሴን በመጠይቁ አነጋገር ጠየቅኩ፤ ዛሬ ስንት ብርጭቆ ጠጣሽ? መልሱ ምንም አያጠራጥርም፤ አንድ። አንድ ብርጭቆ ተሰጠኝ፣ እሷኑ ይዤ ዋልኩ፣ እሷኑ አስቀምጬ ተነሣሁ። ታዲያ በአንድ ብርጭቆ ጠላ ይኼ ሁሉ ቆርቆሮ ለምን ይዞራል? ያን ጊዜ ነው የሰበታው አንድ፣ የሱሉልታው አንድ፣ የቡራዩው አንድ በሙሉ ራሴ ላይ የተደረመሰው። ማንም አልዋሸኝም ነበር። እኛ የጠየቅነው ብርጭቆ ባዶ የሚሆንበት አገር ያለን ይመስል ነው።

ማክሰኞ ሻይ ብቻ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ጨጓራዬን ሰበብ አደረግኩ። ቀኝ ኪሴ ውስጥ በቆሎና ሽምብራ ሞልቻለሁ። የአዴ ብርጭቆ ላይ በተጨመረ ቁጥር አንድ በቆሎ ወደ ግራ ኪሴ፤ በመዳፋቸው በቀመሱ ቁጥር አንድ ሽምብራ። አንድ ጎረቤት ኪሴን ስቆፍር አይቶ ቁንጫ ይዟት ነው ብሎ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አሥር ሰዓት ላይ ግራ ኪሴን ስገለብጥ አሥራ ሦስት በቆሎና ዘጠኝ ሽምብራ አገኘሁ፤ ያውም ገበያ በሌለበት ቀን። ጓሮ ሄጄ ግማሽ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ እየለካሁ አሥራ ሦስት ጊዜ ጆግ ውስጥ ጨመርኩ። ጆጉ ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ውሃ ከጠፋ እኮ ሁለት ቀኑ ነው!» አዴ ከኋላዬ ቆመዋል።

ውሸት መፈለግ እችል ነበር፤ ፈሪም ነኝ። ግን ለሐሙስ ሁለት ቀን ነው የቀረው።

«አዴ፣ ይኼ ዛሬ የጠጡት ነው» አልኳቸው ጆጉን እያሳየሁ።

ሳቁ። «እኔ? እኔማ ያቺኑ አንድ ብርጭቆዬን ነው።»

መዳፌን ዘርግቼ በቆሎውንና ሽምብራውን አሳየኋቸው፤ የቱ ምን እንደሆነም ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። ጆጉን አዩት፣ ፍሬዎቹን አዩ፣ ከዚያ ከገመድ ላይ ካሉት ልብሶች ጋር ድብብቆሽ የምትጫወተውን ልጃቸውን አዩ።

«እሷ ሆዴ ውስጥ እያለችም እዚሁ ነበር የምቀመጠው» አሉ። «ያን ጊዜማ ገበያው የደራ ነበር።»

ከዚያ ቁጣቸው መጣ። «ታዲያ ማን ነገረኝ? ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። ክኒን ሰጡኝ፣ ዋጥኩ። ተከተቢ አሉኝ፣ ተከተብኩ። ፋርሶ ተዪ ያለኝ ቢኖር አልተውም ነበር? ጎረቤቱ በሙሉ ጠጪ፣ ጉልበት ይሆንሻል ነው ያለኝ!»

«ማንም አልነገረዎትም» አልኩ። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

«አንቺስ? ስንት ወር እዚህ ግቢ ተቀምጠሽ፣ የኔን ልጅ እያየሽ?»

ይኼኛው አመመኝ፤ እውነት ስለሆነ። ፍሬዎቹን ከእጄ ወስደው ገቡና በሩን ዘጉ። ረቡዕ ጠላ ቤቱ አልተከፈተም። በጓሮ የመጡ ጎረቤቶች ሁሉ ተመለሱ፤ እኔም ክፍሌ ተቀምጬ እኚህን ሴት ለምን በደስታቸው አልተውኳቸውም እያልኩ ራሴን ስወቅስ ዋልኩ።

ሐሙስ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አዴ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ልጅቷ ፊቷ በቅባት ያበራል፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራዋለች።

«ተነሺ፣ እንሂድ» አሉ። «በእግር ነው። ያንን ሜትርሽን ግን ቤት ተዪው።»

እስከ አስኮ በእግራችን ሄድን። ድንጋዩ በተደረደረበት ላይ ወጣቶች አስቆሙንና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁ። አዴ ልጅቷን ወደፊት ገፋ አድርገው በኦሮምኛ አስረዷቸው፤ እኔ የሰማሁት «ኢንተላ ኮ» የሚለውን ብቻ ነው። አንዱ ልጅቷን አቅፎ ድንጋዩን አሻገራት። እሷም ጨዋታ መስሏት ድገመኝ አለችው፤ ከልቡ ሳቀ። ከአስኮ ሚኒባስ አገኘን።

ሐኪሙ እንመጣለን ብሎ አልጠበቀም። ወረቀቱን አወጣና ያንኑ ጥያቄ ደገመው። «በቀን ስንት ብርጭቆ ይጠጡ ነበር?»

«አንድ» አሉ አዴ።

ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ሊክዱ ነው ብዬ አሰብኩ። አዴ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ቀስ ብለው ፈቱና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። በቆሎዎቹ ተንከባለሉ፤ ሐኪሙ አንዱን ከመውደቁ በፊት በእጁ ያዘው።

«ብርጭቆው አንድ ነው። ባዶ ሆኖ ግን አያውቅም» አሉ። «ይኼ በቆሎ የተጨመረው ነው። ይኼ ሽምብራ የመዳፌ ነው። ይኼም ሰው የሌለበት ቀን ነው። ያን ጊዜ ሰው ነበር፤ ከዚህ እጥፍ አድርገህ ጻፈው።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም የምንጠይቀው» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉ አዴ። «ብቻ ጻፈው። ለትምህርት ቤቱም ጻፍላት።»

ልጅቷን ግማሽ ቀን መረመሯት፤ ሥዕል አሳዩዋት፣ ቃል አስደገሟት፣ ኩብ አስደረደሯት። ከዚያ ሐኪሙ እናትና ልጅን አስቀምጦ በግልጽ ተናገረ። አእምሮዋ ከመወለዷ በፊት ተጎድቷል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የሚያግዛት ግን አለ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንገሯት። ሁሉን በየቀኑ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል አድርጉት። የሰማችው ይረሳታል፣ ያየችው ይሻላታል፣ ስለዚህ ሥዕል ስቀሉላት። አትምቷት፤ ረስታ ነው እንጂ እምቢ ብላ አይደለም። አዴ የመጨረሻውን ሲሰሙ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዘጠኝ ዓመቷ መሆኑን ረስተው፣ እንደ ሕፃን እሹሩሩ አሏት።

ሐኪሙ የጻፈውን ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ሰጠን። መምህሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሁለቱንም ጊዜ አላመነችም፤ ልጅቷን ግን ፊት ወንበር አስቀመጠቻት፣ ቦታዋም ለማንም አልተሰጠም። የተጂው ጉዞ ቀረ። ቦርሳ የምትፈልገዋ ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ ተገዛላት። እኔና አዴ በብስኩት ካርቶን ላይ ፊት መታጠብ፣ ጫማ፣ ደብተር ሣልንና ግድግዳው ላይ በተርታ ለጠፍን። የኔ ጫማ ድንች ይመስል ስለነበር አዴ ራሳቸው ደግመው ሣሉት።

ተቆጣጣሪያችን በሦስት ከተማ የሰበሰብኩት «አንድ» ሁሉ እንደማይረባ ስነግረው ራሱን ያዘ። መጀመሪያ እኔን ተቆጣ፣ ቀጥሎ መጠይቁን ያዘጋጁትን፣ መጨረሻ ላይ ጠላን። ሆኖም «ብርጭቆዎ ሳያልቅ ይጨመርልዎታል?» የምትል ጥያቄ ገባች። እሷን ያስገባሁት እኔ ነኝ ብዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ፤ አዴ መሆናቸውን የማውቀው ግን እኔው ነኝ።

ዓመታት አለፉ፤ አገባሁ፣ ከቡራዩም ወጣሁ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ አዴን ልጠይቅ ሄድኩ። ጠላ ቤቱ ሞልቷል። አዴ ሸብተዋል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ሆዴን አይተው እልል አሉ፤ ከዚያ ጠጋ ብለው «ራሴን ይቅር ብዬ አልጨረስኩም፤ ግን ጀምሬያለሁ» አሉኝ። ግድግዳው ላይ ከእነዚያ የካርቶን ሥዕሎች ቀጥሎ አንድ የማላውቀው ነበር፤ ሆዷ የገፋ ሴትና አጠገቧ በአፉ የተደፋ ብርጭቆ።

ልጅቷ አሁን ቁመቷ እኔን ያህላል። ጆግ ይዛ እየዞረች እንግዶቹን ታስተናግዳለች፤ ግማሽ የደረሰውን ሁሉ ትሞላለች። ፊቴ የተቀመጠውን ባዶ ብርጭቆ ከልማድ ከፍ አደረግኩላት። ልትቀዳ ጎንበስ አለችና ሆዴን አየችው። ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። እንደገና ሆዴን አየችው። ጆጉን አስቀመጠች፣ ብርጭቆዬን ከእጄ ወሰደች፣ ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋችው። ዓይኔ በእንባ ተሞላ፤ ሰው ፊት መሆኔንም ረሳሁት።

ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ ጠፋባትና ቀጥ ብላ ቆመች። አዴ ከጓዳ ሆነው አይተውናል።

«ውሃ» አሉ፤ አንድ ቃል ብቻ።

ልጅቷ ፈገግ ብላ ውሃ ልታመጣልኝ ሄደች።